ካፒታሊዝምን ሱቅ ውስጥ አናሸንፈውም፤ ታዲያ ከሰኞ ጀምሮ ምን እናድርግ?

ፕሪንተሩ ቀለም አለው። ግን ቀለሙ የራሱ ድርጅት ምርት ስላልሆነ «አላትምም» ብሎ ቁጭ ይላል። አንድ ወር በነፃ ሞክሩት የተባላችሁት አገልግሎት ስትገቡ አንድ ጠቅታ ነበር፤ ስትወጡ ግን ከገጽ ገጽ እያንከራተተ ያዞራችኋል፣ መጨረሻ ላይም «እርግጠኛ ነዎት? እንናፍቅዎታለን!» ይላል። አለቃ ደግሞ ማታ መልእክት ይልካል። ለምን ቢባል «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን»። ጥሩ፣ ቤተሰብ ከሆንን ትርፉ ሲከፋፈል ለምን አልተጠራንም?

እነዚህን አንድ በአንድ ካያችኋቸው ተራ ብልግና ይመስላሉ። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ካፒታሊዝም ስል ገበያ ወጥቶ መግዛትና መሸጥ ማለቴ አይደለም፤ ንግድ ከካፒታሊዝም በፊትም ነበር። ፋብሪካው፣ መሬቱ፣ ሶፍትዌሩ የጥቂቶች ሆኖ ሌላው ሰው ጉልበቱንና ጊዜውን ሸጦ የሚኖርበትን፣ ምን ይመረት የሚለውም «ማን ያስፈልገዋል?» ተብሎ ሳይሆን «ስንት ያተርፋል?» ተብሎ የሚወሰንበትን ሥርዓት ማለቴ ነው። ፕሪንተሩ አልተበላሸም። በደንብ እየሠራ ነው፤ ለእናንተ አይደለም እንጂ።

ይህ መመሪያ ሥርዓቱን በአንድ ጀንበር ስለመገልበጥ አይደለም። ያንን በአንድ ጽሑፍ አሳያችኋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቀጥሎ ኮርስ ሊሸጥላችሁ ነው። እዚህ የምናየው ሳያብዱ፣ ሳይመጻደቁ፣ በሌላ ዓይነት እሴት እንዴት መኖር እንደሚጀመር ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የምትገዙትን መለወጥ ትንሽ ያግዛል፤ ከሌሎች ሰዎች ጋር የምትሠሩትን መለወጥ ግን ብዙ ያግዛል። ስለዚህ ከራሳችሁ እንጀምርና ወደ ሌላው ሰው እንሄዳለን። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

1. ብስጭታችሁን ለዩት

ለአንድ ሳምንት ያናደዳችሁን ነገር ሁሉ ስልካችሁ ላይ ወይም ወረቀት ላይ ጻፉ። አታሳምሩት። «ቻርጀሩ ተበጠሰ፣ ገመዱ ለብቻው አይሸጥም።» «ኪራይ ተጨመረ።» «ትርፍ ሰዓት ሠራሁ፣ አልተከፈለኝም።» «የማልፈልገውን ጫማ ገዛሁ።»

ሳምንቱ ሲያልቅ በእያንዳንዱ አጠገብ ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ «ለብቻ»፣ «በጥቂት ሰው»፣ «በብዙ ሰው»። ጫማው ለብቻ የሚፈታ ነው። ቻርጀሩ ዕቃ መጠገን የሚችል አንድ ሰው ካወቃችሁ በጥቂት ሰው ይፈታል። ትርፍ ሰዓቱ ቢያንስ የሥራ ባልደረቦቻችሁን ይፈልጋል። ኪራዩ ደግሞ ተከራዮችን ሁሉ፣ አልፎም ሕግ ይፈልጋል።

ይህን ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። አብዛኞቻችን የምንቃጠለው «በብዙ ሰው» የሚለውን ለብቻችን ልንፈታ ስንታገል ነው። ኪራይ ሲጨመር ቡና መጠጣት ለማቆም የሚወስን ሰው አላጋጠማችሁም?

2. ጥፋቱን ሁሉ ተሸክማችሁ አትዙሩ

ጥፋተኝነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። «የካርበን አሻራ» (የአንድ ሰው ኑሮ ወደ አየር የሚለቀው የሚያሞቅ ጋዝ መጠን) የሚለውን አነጋገር በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነው፤ 2004 ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አሻራ የሚያሰላበት ማስያ በኢንተርኔት አቀረበ። ነዳጅ የሚያወጣው እሱ፣ አሻራውን የምንቆጥረው እኛ። ከዚያ በፊትም አሜሪካ ውስጥ ቆሻሻ አትጣሉ እያለ ዜጋውን የሚመክረው ታዋቂ ድርጅት 1953 ላይ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል የቆርቆሮና የጠርሙስ አምራቾች ነበሩበት። ተመላሽ ጠርሙስን ትተው የሚጣለውን ያበዙት ራሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ ርካሽ ዕቃ ስለገዛችሁ ራሳችሁን አትግረፉ። ሌላው ሰው ርካሽ ሲገዛም አትፍረዱበት፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። «ካፒታሊዝምን እየተቃወምክ ስልክ ትይዛለህ?» የሚል ሰው ከመጣ ብዙ አትከራከሩ። ስልኩን የሠሩት ሠራተኞች ናቸው፤ ጥያቄያችንም ትርፉን ማን ወሰደ የሚል እንጂ ስልክ ለምን ተሠራ የሚል አይደለም።

3. ሰዓታችሁን አስሉ

ደመወዝ የሚከፈላችሁን ሳይሆን ለሥራው የምትሰጡትን ሰዓት ቁጠሩ። ውሉ በወር 160 ሰዓት ይላል እንበል። የመንገዱን ጨምሩ። ማታ የመለሳችሁትን መልእክት፣ ቅዳሜ «ለአምስት ደቂቃ» ብላችሁ የከፈታችሁትን ኮምፒውተር ጨምሩ። እሁድ ማታ ሰኞን እያሰባችሁ የምትጨነቁበትን እኔ አልቆጥረውም፤ ብትቆጥሩት ግን አልቃወምም። 220 ሰዓት ቢመጣ አይግረማችሁ።

አሁን ደመወዛችሁን 100 አድርጉትና ለሥራው ስትሉ የምታወጡትን ቀንሱ፦ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ የሥራ ልብስ። 15 ወጣ እንበል። 85 ለ220 ሲካፈል በሰዓት 0.39 ገደማ ነው። ውሉ ላይ ያለው ግን 100 ለ160፣ ማለትም 0.63 ገደማ ነበር። ከሦስት እጅ አንዱ በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ይህ ቁጥር ለሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ ዕቃ ስታዩ ዋጋውን በሰዓት ትቆጥሩታላችሁ፦ «ይሄ ጃኬት የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ሁለት ቀን እሠራለታለሁ?» ሁለተኛ፣ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። የደመወዝ ጭማሪ ብቻ ሳይሆን ከቤት መሥራት፣ የመግቢያ ሰዓት ማስተካከል፣ ማታ ስልክ አለመመለስ ሁሉ ያን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። የማይጠቅምበትንም ልንገራችሁ፦ በትርፍ ጊዜያችሁ ተጨማሪ ሥራ ፈልጋችሁ ራሳችሁን ለመጨረስ አይደለም።

ኢኮኖሚስቱ ጆን ሜናርድ ኬንስ 1930 ላይ በመቶ ዓመት ውስጥ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ይሠራል ብሎ ገምቶ ነበር። ቀነ ገደቡ 2030 ነው። ማሽኖቹ የድርሻቸውን ሠርተዋል፤ የተረፈው ሰዓት ግን ለሠራተኛው አልተመለሰም። የስምንት ሰዓት ሥራም ቢሆን ማንም በቸርነት አልሰጠውም። ቺካጎ ውስጥ 1886 ላይ ሠራተኞች አድማ መትተውበታል፣ ሞተውበታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመጀመሪያ ስምምነቱ አድርጎ የኢንዱስትሪ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የወሰነው 1919 ላይ ነው። የሰዓት ጥያቄ በጉርምርምታ ተፈትቶ አያውቅም።

4. የግዢ ፍሬን

ይህን በአጭሩ ላሳልፈው፤ ብዙ የተባለበት ነገር ነው።

የፈለጋችሁትን ዕቃ ወዲያው አትግዙ፤ ዝርዝር ላይ ጻፉት። ሦስት ነገር ብቻ፦ ዕቃው፣ ቀኑ፣ እና የት እንዳያችሁት። 30 ቀን ይቆይ። ዋናው ሦስተኛው ነው። ከጊዜ በኋላ ዝርዝሩን ስትመለከቱ የትኛው ፍላጎት ከራሳችሁ እንደመጣ፣ የትኛው ከስክሪን እንደመጣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የባንክ ካርድ ቁጥራችሁን ከመገበያያ አፖች ላይ አጥፉት። ተነስቶ ካርድ ማምጣት ካስፈለገ ብዙ ግዢ ይቀራል። የሙከራ ምዝገባ ከወሰዳችሁ በዚያው ቀን ሰርዙት፤ ብዙዎቹ ብትሰርዙም እስከ ጊዜው መጨረሻ ያስጠቅማሉ። ወደ ታች ቢያንሸራትቱት የማያልቀው ገጽ ደግሞ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። 2006 ላይ የነደፈው ኤዛ ራስኪን በኋላ በአደባባይ ተጸጽቷል፤ የእሱ ጸጸት ግን የእኛን ሌሊት አይመልስም። ኖቲፊኬሽኑን ዝጉት።

ለኮምፒውተር የምትከፍሉት ወርኃዊ ክፍያ ካለ ደግሞ ነፃ አማራጭ መኖሩን ፈትሹ። ሊብሬኦፊስ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ይበቃል፤ ቪኤልሲ ያገኘውን ቪዲዮ ሁሉ ይከፍታል። ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው ነፃ ሶፍትዌር ሊኑክስ ከ1991፣ ዊኪፔዲያ ከ2001 ጀምሮ አሉ። ሰው ያለ ትርፍ ተስፋ አይሠራም ለሚለው ክርክርም ጥሩ መልስ ናቸው።

5. ከመጣል በፊት ክፈቱት

ታኅሣሥ 1924 ጄኔቫ ውስጥ ትልልቆቹ የአምፖል አምራቾች፣ ኦስራምና ፊሊፕስ ጭምር፣ ፌቡስ የተባለ ካርቴል፣ ማለትም ፉክክር ትተው ገበያውን በስምምነት የሚቆጣጠሩበት ኅብረት፣ አቋቋሙ። አምፖል 1000 ሰዓት ብቻ እንዲቆይ ተስማሙ። ከዚያ በላይ የሚቆይ አምፖል የሠራ አባል መቀጫ ይከፍል ነበር። እርግጥ ነው፣ ዕድሜው የሚረዝም አምፖል ለሚበላው መብራት የሚሰጠው ብርሃን ያንሳል፤ መሐንዲሶቹ የሚከራከሩበት ነገር ነበራቸው። ግን ዕቃህ ቶሎ አልተበላሸም ተብሎ መቀጣት? ይሄ ምሕንድስና አይደለም።

ዛሬ ካርቴል አያስፈልግም፤ ሙጫ ይበቃል። ባትሪው በሙጫ ይጣበቃል፣ ብሎኑ የተለየ ካቻቢቴ ይፈልጋል፣ መለዋወጫው ከአዲሱ ይወደዳል። ስለዚህ ጥገና የሚጀምረው ከግዢው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ በብሎን ነው የታሰረው ወይስ ተጣብቋል? ባትሪው ይወጣል? መለዋወጫ ለብቻው ይሸጣል? ያለ ኢንተርኔት ወይም ያለ ወርኃዊ ክፍያ ይሠራል? ሻጩ ለሦስቱ «አላውቅም» ካላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ቤት ያለ ዕቃ ሲበላሽ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ገመዱ፣ ፊውዙ ወይም የተጠራቀመ አቧራ ነው፤ ስለዚህ ውስጡን ሳትከፍቱ እነሱን እዩ። ከከፈታችሁት ነጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና የዕቃውን ቅርጽ በእርሳስ ንደፉበት። እያንዳንዱን ብሎን ስትፈቱ የነበረበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ብሎኖች ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ርዝመታቸው ግን ይለያያል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብትከቱት ውስጥ ያለውን ሰሌዳ ይበሳል። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሱ። ስትገጥሙ ፎቶውን ከኋላ ወደ ፊት ትከተላላችሁ።

የማይነኩ አሉ። ማይክሮዌቭና የድሮ ወፍራም ቴሌቪዥን ከሶኬት ተነቅለውም ውስጣቸው አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ያበጠ ባትሪም አትጫኑት፣ አትብሱት። እነዚህን ለባለሙያ ስጡ። ባለሙያውን ስትከፍሉም አትከራከሩት፤ ለጠጋኝ የሚከፈል ገንዘብ ለአዲስ ዕቃ ከሚከፈለው የተሻለ ቦታ ይሄዳል።

አምስተርዳም ውስጥ 2009 ላይ «ሪፔር ካፌ» የሚባል ነገር ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጠረጴዛ፣ መሣሪያ፣ መጠገን የሚችሉ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች፣ የተበላሸ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው። ዕቃውን ትታችሁ አትሄዱም፤ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ትከፍቱታላችሁ። ዛሬ በብዙ አገሮች አለ፤ ፈቃድም ገንዘብም ሳያስፈልግ በአንድ ሰው ሳሎን ሊጀመር ይችላል።

6. የጋራ መሣሪያ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ይህን መመሪያ አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ።

ድሪል ያለው ሰው በዓመት ስንት ቀን ይጠቀምበታል? ፎቶ ለመስቀል፣ መደርደሪያ ለማሰር፣ አለቀ። ሌላውን ጊዜ ሣጥን ውስጥ ይተኛል። ጎረቤቱም የራሱን ገዝቶ አስተኝቷል። ከላይኛው ፎቅ ያሉትም እንደዚያው። መሰላል፣ የስፌት መኪና፣ የጎማ መንፊያ፣ ድንኳን፣ ትልቅ ሻንጣ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። ሥርዓቱ አንድ ድሪል ከመሸጥ ስምንት መሸጥ ይመርጣል።

ከአምስት እስከ ስምንት ቤት ሰብስቡ። ስለ ርዕዮተ ዓለም መናገር አያስፈልግም፤ «ካፒታሊዝም» የሚለው ቃል አንዴም ሳይነሳ ይሠራል፣ እንዲያውም ሳይነሳ ሲቀር የበለጠ ይሠራል። እያንዳንዱ ቤት ያለውንና ሊያውስ የሚፈቅደውን ይጻፍ። ከዚያ ደብተር አውጡ።

ደብተሩ አምስት ዓምድ ይኑረው፦ ዕቃው፣ የወሰደው ሰው፣ የተወሰደበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ ሲመለስ የነበረበት ሁኔታ። አምስተኛውን ማንም አይወደውም፤ ግን እሱ ነው ወዳጅነቱን የሚያተርፈው። «ገመዱ ጫፉ ላይ ተልጧል፣ ግን ይሠራል» ብሎ የጻፈ ሰው ቀጣዩን ሰው ከኤሌክትሪክ፣ ራሱንም ከሐሜት አድኗል።

ቀጥሎ ሰው የሚጣላበትን ሳይቃጠል በቅጠል ጨርሱት። ዕቃው የማን ነው? በእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ «የእገሌ ነው፤ ሲፈልግ ይወስዳል» ወይም «የጋራ ሆኗል» ብላችሁ ጻፉ። ሲሰበርስ? በተለመደው አጠቃቀም አርጅቶ ከተሰበረ ከጋራ ኪስ ይጠገናል፤ በግዴለሽነት ከሆነ ያበላሸው ያሠራዋል፤ የትኛው እንደሆነ ካልተስማማችሁ ደግሞ ዕቃውን ያልተጠቀሙ ሁለት ሰዎች ይወስኑ። የሚያልቅ ነገር፣ ለምሳሌ ፑንታ፣ መርፌ፣ ክር፣ የጨረሰው ይተካል። ለጋራው ኪስ ትንሽ መዋጮ ይኑር፤ እኩል ባይሆን ደግሞ ይሻላል፣ የተሻለ የሚያገኝ የተሻለ ያዋጣ። ኪራይ ግን አታስከፍሉ። ኪራይ ከገባ ነገ ሱቅ ሆናችኋል።

«የጋራ ነገር ይበላሻል፣ ሁሉም የራሱን ያጭዳል» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ የገነነው 1968 ላይ በወጣ የአሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ምሁር የጋሬት ሃርዲን ጽሑፍ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በመላው ዓለም የግጦሽ፣ የውሃ፣ የደንና የዓሣ ማኅበራትን አጥንታ ብዙዎቹ ለዘመናት ሳይፈርሱ እንደኖሩ አሳየች። 2009 ላይ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት አገኘችበት፤ በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከምሳሌዎቿ አንዱ ቶርበል የተባለ የስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ነው። እዚያ 1517 ላይ የተጻፈ ደንብ አለ፦ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልባቸው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ መስደድ አይችልም። ሀብታም መጥቶ ላም አከማችቶ ግጦሹን እንዳይጨርሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋ።

ኦስትሮም ያገኘቻቸውን ነገሮች ወደ ድሪላችን እናምጣቸው። አባላቱ እነማን እንደሆኑ ይታወቅ። ደንቡን የሚያወጡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይሁኑ። የሚከታተል ሰው ይኑር፣ ከመካከላቸው። ቅጣቱ ቀስ በቀስ ይደግ፦ መጀመሪያ ማስታወሻ፣ ከዚያ አንድ ዙር መዝለል፣ ማባረር በመጨረሻ። ጠብ ሲነሳ ደግሞ በቶሎና ያለ ወጪ የሚታይበት ቦታ ይኑር፤ ደረጃው ላይ ቆሞ መነጋገርም ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደንብ ውስጥ ስለማይጻፍ። በየትኛውም የጋራ ሥራ ውስጥ ደብተሩን የምትይዝ፣ «መልስ እንጂ» እያለች የምታስታውስ፣ ስብሰባ ሲያልቅ ብርጭቆ የምታጥብ አንዲት ሴት አትጠፋም። እሷ የደከመች ቀን ነገሩ ይፈርሳል፤ ሁሉም ደግሞ ለምን እንደፈረሰ ይገርመዋል። ደብተር ያዡ በየሁለት ወሩ ይቀየር፣ ወንዶችንም ይጨምር። ያልተከፈለበት ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ከወደቀ ከአለቃው ቤት አልወጣንም።

7. ሥራ ቦታ፦ ለብቻ አትግቡ

ጉልበታችሁን የምትሸጡበት ቦታ ላይ ምንም ሳይለወጥ ቤት ውስጥ አምፖል ብትቆጥቡ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። እዚህ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እንጀራ ነውና።

ከመረጃ ጀምሩ። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ። የሥራ ኢሜይል፣ የሥራ ስልክ፣ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግን አይሁን፤ የእነሱ ነው፣ ያዩታል። ውላችሁን እንደገና አንብቡ። ትርፍ ሰዓት፣ ዓመት እረፍት፣ ማስጠንቀቂያ የሚሉትን አስምሩባቸው። በአገራችሁ ሕግ ምን እንደሚል ጠይቁ። የመደራጀት መብት በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 (1948) እና ቁጥር 98 (1949) የተቀመጠ ነው፤ ብዙ አገሮች አጽድቀዋቸዋል፣ አተገባበሩ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ከዚያ አንድ ለአንድ ተነጋገሩ። ጥያቄያችሁ «ማኅበር እናቋቁም?» አይሁን። «እዚህ ቤት አንድ ነገር መለወጥ ብትችይ ምን ትለውጫለሽ?» ይሁን። አዳምጡ፣ ሰው ሲናገር አትቀሙት። ደመወዛችሁን ተነጋገሩ፤ ሕጉ የሚፈቅድላችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የደመወዝ ምስጢር ማንን እንደሚጠቅም አስቡት፤ እኩል ሥራ እየሠራችሁ እኩል እንደማይከፈላችሁ ካላወቃችሁ አትጠይቁም።

የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ትንሽ፣ ግልጽና ሊሳካ የሚችል ይሁን። «ክብር እንፈልጋለን» ብትሉ በፈገግታ ይመልሷችኋል። «የወሩ የሥራ ፕሮግራም ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጠፍልን» ብትሉ ግን ወይ ይለጠፋል ወይ አይለጠፍም። በአንድ ገጽ ጻፉት፦ አንድ ጥያቄ፣ ምክንያቱ በሁለት መስመር፣ መልስ የምትጠብቁበት ቀን።

ፊርማውን በክብ አድርጉት። የድሮ መርከበኞች ካፒቴኑ ላይ አቤቱታ ሲያቀርቡ ስማቸውን ከላይ ወደ ታች አይደረድሩም ነበር፤ የመጀመሪያው ፈራሚ «መሪው እሱ ነው» ተብሎ ይቀጣል። ስለዚህ በወረቀቱ ዙሪያ እንደ ፀሐይ ጨረር ይፈርማሉ፤ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ዛሬም ይሠራል። መሃል ላይ ጥያቄውን ጻፉ፣ ወረቀቱን እያዞራችሁ ፈርሙ፣ ስትሰጡም ሦስት አራት ሆናችሁ ግቡ። አለቃ «አንተ ብቻ ቅርና ሌሎቻችሁ ውጡ» ካለ ማንም አይቅር። ይህን ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙበት፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ማሰብ ከባድ ነው።

ማታ ለሚመጣው መልእክትም መድኃኒቱ ይኸው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ሰነፍ ይባላል። ክፍሉ በሙሉ ጠዋት ብቻ መመለስ ከጀመረ አሠራር ይሆናል።

8. ገንዘባችሁን ከአበዳሪዎችና ከባንኮች እጅ ቀስ በቀስ አውጡት

መጀመሪያ ዕዳ። 72ን ለዓመታዊ ወለዱ ስታካፍሉ ዕዳው እጥፍ የሚሆንበት ዓመት በግምት ይወጣል፤ በ24 በመቶ ወለድ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። «በወር 5 በመቶ ብቻ» ሲባል ደግሞ ሰው በዓመት 60 ይመስለዋል። ወለዱ ወለድ እየወለደ ስለሚሄድ ወደ 80 ይጠጋል። ብዙ ዕዳ ካላችሁ የሁሉንም ዝቅተኛ ክፍያ እየከፈላችሁ፣ የተረፋችሁን ሁሉ ወለዱ ከፍ ያለው ላይ ጣሉ። ከመፈረማችሁ በፊት «በጠቅላላው ስንት እመልሳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወርኃዊውን ብቻ የሚነግራችሁ ሰው የሚደብቀው አለው።

ቁጠባችሁን አባላቱ ባለቤት ወደሆኑበት ቁጠባና ብድር ማኅበር ማዛወር ይቻላል። ኅብረት ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። 1844 ላይ እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች፣ ገንዘብ አዋጥተው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ሻማ ይሸጡ ነበር፤ ነጋዴዎች ዱቄት ውስጥ ባዕድ ነገር በሚቀላቅሉበት ዘመን እነሱ ንጹሑን። ድርሻው ምንም ያህል ቢሆን አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነበረው፤ ትርፉም ለአባላቱ እንደየገዙት መጠን ተመለሰ።

ማኅበር የሚል ታፔላ ሁሉ ግን ማኅበር አይደለም። ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አመራሩን ማን ይመርጣል? ሂሳቡን አባል ማየት ይችላል? ስወጣ ገንዘቤን መቼ አገኛለሁ? ገነት ይሆናል ብላችሁም አትጠብቁ። በስፔን ባስክ አካባቢ ሥራው 1956 ላይ የተጀመረው ሞንድራጎን ዛሬ በሠራተኞች ባለቤትነት ከሚታወቁት የዓለማችን ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ ነው፤ ከአንጋፋዎቹ አባል ድርጅቶቹ አንዱ፣ ፋጎር፣ 2013 ላይ ከስሯል። ልዩነቱ ከኪሳራው በኋላ መጣ፦ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹን ሌሎቹ እህት ማኅበራት ተቀበሏቸው።

ለጓደኛ የምትሰጡትን ገንዘብ ደግሞ ከቻላችሁ እንደ ስጦታ ቁጠሩት። ካልቻላችሁ የምትችሉትን ያህል ቀንሳችሁ ስጡ። ወዳጅነት ውስጥ ወለድ ባይኖርም ዝምታ አለ፤ ዝምታውም ይጠራቀማል።

9. ከመጀመራችሁ በፊት

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ከመጀመሪያው ዝርዝራችሁ «ለብቻ» ከሚለው አንድ፣ «በጥቂት ሰው» ከሚለው አንድ ምረጡ። «በብዙ ሰው» የሚለውን ደግሞ ከእናንተ በፊት የጀመረው አይጠፋም፤ የተከራዮች ስብስብ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ካለ ሄዳችሁ ወንበር ደርድሩ። አዲስ ለማቋቋም አትቸኩሉ።

ለዘመድ አዝማድ አትስበኩ። ድሪሉን አውሱት፣ ይበቃል። «ካፒታሊዝም ይውደም» የሚል ቲሸርትም አትግዙ፤ የሚሸጠውን ሰው አስቡት።

ስብሰባ ከአንድ ሰዓት አይለፍ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያላለቀው ለሚቀጥለው ይተላለፍ። ልጅ ያላቸው ሰዎች የሚመጡበትን ሰዓት ምረጡ፣ አለበለዚያ የምትሰበሰቡት ጊዜ የተረፋቸው ብቻ ይሆናሉ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮም እንዴት እንደሚፈርስ ተስማሙ። ሰው ቤት ይቀይራል፣ ይጣላል፣ ይሰለቻል። የእገሌ የተባለው ዕቃ ለእገሌ ይመለስ፤ የጋራው ለሌላ ተመሳሳይ ስብስብ ይሰጥ፤ ኪሱ ውስጥ የቀረውም አብሮ ይሂድ። ደብተሩን ግን አትጣሉት። አብራችሁ አስረክቡት፤ የሚቀጥሉት ሰዎች እናንተ በምን በምን እንደተጣላችሁ ማየት አለባቸው።